ቤት ተሸክማ ሀረጎን የምትወርደው የቷ ናት? ፒክአፕ ወይስ አይሱዙ

የአክስቴ ልጅ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ፒክአፕ ይገዛል፣ ካሶኒው፣ ማለትም የኋላ መጫኛው ላይ፣ አልጋና ማድቤት ያለው ቤት ያስቀምጣል። ውጭ አገር ካምፐር የሚሉት ነው። ሐይቅ ዳር ያድርበታል፣ ላሊበላ ይሄድበታል፣ ለእንግዳም ያከራየዋል። ደላላው «አብሽር፣ ትሸከማለች!» ብሎታል።

አልዋሸም፣ ትሸከማለች። ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ማን ይይዛታል? ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፤ ያውም በኩርባ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ቤት እንዲሆነው ኮምቦልቻ ያሠራው የብረት ሳጥን ባዶውን 650 ኪሎ መዘነ። ውሃ 100 ሊትር፣ 100 ኪሎ ነው። ሁለት ባትሪ 60። ጋዝ ከነሲሊንደሩ 25። ፍራሽ፣ ዕቃና ልብስ 80። አራት ሰው 280። ድምሩ 1,195 ኪሎ፤ 12 ኩንታል ሊሞላ 5 ኪሎ ቀረው። ሀይሉክስና ዲ-ማክስን የመሳሰሉ ፒክአፖች የሚጭኑት 10 ኩንታል ገደማ ነው። ተሳፋሪውም ከዚያው ላይ ነው የሚቆረጠው። ይህን ብዙ ገዢ ይረሳዋል።

ደብል ጋቢና። ሁሉም የሚፈልጋት እሷን ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን የመጨረሻ ምርጫዬ ናት። ካሶኒዋ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ሳጥኑ ወደ ኋላ ይወጣል። ክብደቱ ከኋላ ጎማ አልፎ ሲንጠለጠል የፊቱ ይቀላል፣ መሪው ይላላል። የአክስቴ ልጅ ሊገዛ ያሰባትን መኪና ሳጥኑን ጭነን ማታ ሞክረናት ነበር። መብራቷ አስፋልቱን ትቶ የጦሳን ተራራ ነበር የሚያበራው። ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት እያበለጨ ሰደበን። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ የፍሬን ሸራው ሽታ ጋቢና ገባ። ቆመን አቀዘቀዝናት፤ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ተንቀራፈን ወረድን።

«ባሌስትራ አስጨምርበት» የሚል መካሪ አይጠፋም። ባሌስትራ ሲጨመር መኪናዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ታምራለችም። ፍሬኑ፣ ሻንሲው፣ ኩሽኔታውና ጎማው ግን ያው ናቸው። እንዲያውም ቀጥ ብላ መቆሟ ያታልልሃል። ጎማውን ራሱ እይ፤ ጎኑ ላይ 112 የሚል ካለ አንዱ ጎማ የሚችለው 1,120 ኪሎ ነው፣ 121 ከሆነ 1,450።

ሲንግል ጋቢና። ካሶኒዋ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ሳጥኑ ወደ ጋቢናው ስለሚጠጋ ክብደቱ ለሁለቱም አክስል ይከፋፈላል። ሰውም ትንሽ ነው፣ ሁለት ብቻ። ሳጥኑ ባዶውን ከ400 ኪሎ ካላለፈ እሷን ግዛ እላለሁ። ግን ብረቱን በቀጭን አሉሚኒየም ወይም በሸራ መቀየር ግድ ነው።

ላንድክሩዘር 79። ሻንሲዋ ጠንካራ ነው፣ በክረምት ጭቃ የሚደርስባት የለም። የምትጭነው ግን ከሀይሉክስ ብዙም አይበልጥም፤ ራሷም ከባድ ናት። ቱርቦ የሌለው 4.2 ሊትር ሞተሯ ደግሞ በደሴ ስስ አየር ይደክማል፤ ሀረጎን ስትወጣ ሚኒባስ ሁሉ ይቀድምሃል። ዋጋዋን ባላነሳው ይሻላል፣ ቀናችንን አናበላሽ።

አይሱዙ ኤንፒአር። ሰው የሚስቅባት እሷ ናት፤ «ለሽርሽር አይሱዙ?» ይላሉ። ከ30 ኩንታል በላይ ለምትጭን መኪና 12 ኩንታል ምኗም አይደል። ከኋላ አራት ጎማ አላት፣ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ይይዛል። የሞተር ፍሬኗን ከፍተህ ቁልቁለቱን ስትወርድ እግርህ ፔዳሉን እምብዛም አይነካም። መለዋወጫዋም የሌለበት ከተማ የለም። ችግሯ ሌላ ነው። ባዶ ስትሆን ወገብ ትሰብራለች። የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ትጠይቃለች። ባለአራት ጎማ ነጂ ስላልሆነች መረሬ ጭቃ ውስጥ ከገባች እስኪደርቅ ጠብቅ። ፒያሳ ማቆሚያ ስትፈልግ ሲሚንቶ ልታራግፍ የመጣህ ይመስላቸዋል። እንደዚያም ሆኖ የብረት ሳጥን ከነአራት ሰው ከሆነ ዓላማህ፣ ከእሷ ውጪ አልመክርህም።

ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ሊብሬው ላይ የመጫን አቅሟን አንብብ። ከዚያ መኪናዋን ሚዛን ላይ አውጣት፤ መጀመሪያ ሙሉዋን፣ ቀጥሎ የኋላ ጎማዋን ብቻ። ሳጥን ተገጥሞባት የምትሸጥ ከሆነማ ውሃው ተሞልቶ ይመዘን። ሻጩ ካኮረፈ ያኩርፍ። የአካል ለውጡም ትራንስፖርት ቢሮ መታየት አለበት፤ አለበለዚያ ቦሎ ስታሳድስ ትንከራተታለህ።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ደብል ጋቢናዋን ትቶ ሲንግል ገዛ፤ ጣሪያው ሸራ የሆነ 380 ኪሎ ቤት አሠራ። ሐይቅ ደርሶ ተመልሷል። የብረቱ ሳጥን እናቱ ግቢ ቆሟል፤ ዶሮዎች ያድሩበታል።