ያረጀ ቀለህ ለመለየት፦ ቂጡን ማንበብ ወይስ መለካት?

ጎጃም ውስጥ ከአርበኞች ዘመን የተረፈ ባዶ ቀለህ በየቤቱ አይጠፋም። የማን ጠመንጃ ነው?

ማንበብ፦ ቂጡ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ማየት ነው፤ ወጪ የለውም፤ ለስላሳ ብሩሽና ውሃ ይበቃል። በአሸዋ ከተፈተገ ግን ጽሑፉ አለቀለት። የጣሊያን ቀለህ ላይ «936» ካለ በፈረንጅ 1936 ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የጠመንጃው ዓይነት አይጻፍም።

መለካት፦ ካሊፐር (ስፋትን በጥቃቅኑ የሚለካ መሣሪያ) ከጋራዥ ይዋሱ፤ ማስመሪያ አይሆንም፣ ልዩነቱ አንዳንዴ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። አፉ ሲተኮስ ስለሚሰፋ የቂጡን ስፋትና የቀለሁን ርዝመት በሚሊሜትር ይያዙ፦

ማውዘር (የጀርመን ጠመንጃ)፦ 11.9 በ57
ካርካኖ (የጣሊያን ጠመንጃ)፦ 11.4 በ52.5
የእንግሊዝ 303፦ 13.7 በ56.4፣ ከንፈሩ ወጣ ያለ

ዝገት ለበላው መለካት፣ አፉ ተቆርጦ ለጌጥ ለዋለው ማንበብ ያዋጣል። እርሳሱ (አፉ ላይ የተሰካው የጥይቱ ጫፍ) ካልወጣ ሁለቱንም ይተዉና ለፖሊስ ያሳውቁ።