ሞንስተር ሀንተር ወርልድ ለጀማሪ፦ ረጅሙን ሰይፍ ተዉትና ጋሻውን ያዙ

ጅማ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ማለት ኳስ ማለት ነው። ጌም ቤት ገብታችሁ ሌላ ዲስክ ብትጠይቁ ባለቤቱ ግራ ተጋብቶ ያያችኋል። እኔ ግን ፀጉር ቤቴ ውስጥ ወረፋ ጠባቂ እንዳይሰለች ያስቀመጥኩት ፒኤስ 4 ላይ ሆን ብዬ ኳስ አልጫንኩበትም። ጎል በገባ ቁጥር የሚነሳው ጩኸት ምላጭ ለያዘ እጅ አይሆንም። የጫንኩት ካፕኮም የተባለው ድርጅት በ2018 ያወጣውን፣ ግዙፍ አውሬ የሚታደንበትን ሞንስተር ሀንተር ወርልድን ነው። ማታ ማታ ራሴ እጫወታለሁ፤ ቀን ደግሞ መቀስ ይዤ ሰው ሲጫወት አያለሁ። የዋናው ግቢ ተማሪም፣ ባጃጁን በር ላይ ያቆመ ሾፌርም፣ ከአባቱ ጋር የመጣ ልጅም ጆይስቲኩን ሲጨብጥ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «የቱን መሣሪያ ልያዝ?»

መጠየቃቸው አይገርምም። ጌሙ ገና ሲጀመር 14 ዓይነት መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ደርድሮ ይጠብቃችኋል፤ ሁሉም ክፍት ነው፣ ያሻችሁን ማንሳት ነው። ደግሞ እዚህ አዳኙ ራሱ እንደ ሌሎች ጌሞች «ሌቭል» እየጨመረ አይፈረጥምም። የገደላችሁትን አውሬ ቆዳና አጥንት ለአንጥረኛው ወስዳችሁ ዕቃ ታሠራላችሁ፤ የቀረው የእጃችሁ ነው። መጀመሪያ ላይ የማይሆን መሣሪያ የያዘ ሰው «ይሄ ጌም አይረባም» ብሎ ይነሳል። ስንቱን እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ።

የእኔ መመዘኛ ከሥራዬ የመጣ ነው። እኛ ቤት ጌሙን መሀል ላይ ቆም አናደርገውም። አንድ አደን እስከ 50 ደቂቃ ይፈቀድለታል፤ ፀጉር ደግሞ ያን ያህል አይፈጅም። ስለዚህ «ተራህ ደርሷል» ስል ተጫዋቹ ጆይስቲኩን ለቀጣዩ ሰው ያቀብላል፣ አውሬው ግን አይጠብቅም። ቀጣዩ ሰው ምንም ሳይነገረው ተቀብሎ መቀጠል ከቻለ፣ ያ መሣሪያ ለጀማሪ ይሆናል።

በዚህ ፈተና ሶርድ ኤንድ ሺልድን የሚያህል አላየሁም። አጭር ሰይፍና ትንሽ ጋሻ ናት፤ ስታዩዋት አታጓጓም። ሦስት ማዕዘኑን ብትጫኑ ትመታለች፣ ክቡን ብትጫኑ ትመታለች፣ ምቷ ስለሚያጥር የፈለጋችሁበት ላይ አቋርጣችሁ መንከባለል ትችላላችሁ። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በሌሎቹ መሣሪያዎች መድኃኒት ለመጠጣት መጀመሪያ መሣሪያውን ወደ ቦታው መመለስ ግድ ነው። አዲስ ሰው ይህን ረስቶ ሲርበተበት አውሬው ይደርስበታል። በዚችኛዋ አር 2 የተባለውን ቁልፍ ይዛችሁ ከጋሻው ጀርባ እንደቆማችሁ ካሬውን ስትጫኑ ትጠጣላችሁ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ፑኬይ ፑኬይ የሚባለው አውሬ መርዙን ተፍቶበት ደሙ እያለቀ፣ ሰይፉን ሳይከት ማርከሻውን ጠጥቶ ወዲያው ምላሱን ሲመታው አይቻለሁ። እኔ እንኳ በሌላ መሣሪያ ብሆን ኖሮ የወደቀ አዳኝ የሚያነሱት የጌሙ ድመቶች በጋሪ ጭነው ወደ ካምፕ ይመልሱኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ከተጫናችሁ አደኑ ከሽፏል ማለት ነው።

እንከን የለባትም አልልም። አጭር ናት፤ ከፍ ያለ ጭራ ላይ አትደርስም። ጋሻዋም ትንሽ ስለሆነች ከባድ ምት ብትመክቱባት እንኳ ከደማችሁ የተወሰነ ይቀነሳል። ጋሻ አለኝ ብሎ እንደ ግድግዳ የሚቆም ሰው ዋጋውን ያገኛል።

ሎንግ ሶርድ፣ ማለትም ረጅሙ ሰይፍ፣ የሁሉም ምርጫ ነው፤ «ጋሼ፣ ረጅሙን ስጠኝ» የማይል ልጅ የለም። መልኩ ያምራል፣ ርቀቱም ጥሩ ነው። በመታችሁ ቁጥር አንድ መለኪያ ይሞላል፤ በአር 2 የሚወርደውን ተከታታይ ምት እስከ መጨረሻው ስታሳርፉት ሰይፉ ወደ ነጭ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ያልፋል፤ ጉልበቱም አብሮ ይጨምራል። ችግሩ ያለው «እስከ መጨረሻው» የሚለው ላይ ነው። ግሬት ጃግራስ የሚባለው አውሬ አንድ ሙሉ እንስሳ ውጦ ሆዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ ሲመጣ፣ ዘገምተኛ መስሏቸው ያንን ረጅም ምት ይጀምሩለታል። እሱ መሀል ላይ ይዞርና በዚያ ሆዱ ይጫናቸዋል። ምቱ ተጀምሯል፤ መመለሻ የለም። የአውሬውን ጠባይ ላወቀ ሰው ድንቅ መሣሪያ ነው። ገና ለሚተዋወቀው ግን አይደለም። ከጓደኛ ጋር በኢንተርኔት ስትጫወቱ ደግሞ ረጅሙ ሰይፍ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ያደናቅፋል፤ ለጠብ ነው።

ዱዋል ብሌድስን፣ ጥንዱን ሰይፍ፣ ባጃጅ ሾፌሮቹ ይወዱታል። ፈጣን ነው፣ ያለ ማቋረጥ ይከትፋል። ግን ጉልበት የሚሰጠው የ«ዲመን» ሁኔታ ትንፋሻችሁን ይበላል። ትንፋሽ ካለቀ መንከባለል የለም፣ መንከባለል ከሌለ ጋሪው መጣ። ስለቱም ቶሎ ይደንዛል፤ ሞረዱ አያልቅም፣ ግን አንጃናት የሚባለው አውሬ ፊት ለፊት ቆሞ እያጓራ ማን ተቀምጦ ይስላል?

ሁለተኛ ምርጫዬ ሀመር ነው፣ በዚህ አልደራደርም። መዶሻ ነው፣ ፍልስፍና የለውም፦ አር 2ን ይዛችሁ እየተራመዳችሁ ታጠራቅማላችሁ፣ ጭንቅላት ላይ ትለቁታላችሁ። ጭንቅላቱን ደጋግሞ የተመታ አውሬ ዞሮበት ይወድቃል፤ ያኔ ቤቱ ውስጥ ያለው ወረፋ ሁሉ ተራውን ይረሳል። ጭራ መቁረጥ አይችልም፣ መከላከያም የለውም። ጆይስቲክ ሲቀባበሉበት ግን ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ጭንቅላቱን በለው» ብል በቂ ነው።

ግሬት ሶርድ፣ ትልቁ ሰይፍ፣ ትዕግሥት ላለው ሰው ይሆናል፤ አንድ መትቶ፣ መሣሪያውን ከቶ፣ ሮጦ መጠበቅ ነው። ላንስ ጦር ነው፤ ጋሻው ከሁሉም የጠነከረ ነው፣ አካሄዱ ግን ያስተኛል። ቻርጅ ብሌድን ወረፋ ላይ ከልክያለሁ። ሰይፍ ነው፣ ደግሞ መጥረቢያ ይሆናል፣ መሀል ላይ የሚሞላ ጠርሙስ አለው፤ ጆይስቲኩን የተቀበለ ሰው የትኛውን እንደያዘ እንኳ ሳያውቅ ይሞታል። ቀስትና ጠመንጃዎቹን ለኋላ አቆዩአቸው፤ ርቀት መጠበቅ የሚቻለው አውሬው መቼ እንደሚንደረደር ከታወቀ በኋላ ነው።

ጌሙን ካዘመናችሁት ሳጥናችሁ ውስጥ «ዲፌንደር» የሚባሉ ጠንካራ መሣሪያዎች በነፃ ይገባሉ። አትንኳቸው። አውሬው ጠባዩን ሳያሳያችሁ ይሞትና በኋላ «አይስቦርን» በሚባለው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ላይ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

እኛ ከተማ ላለ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጌሙ አደን መሀል ላይ አይመዘገብም። ዝናቡ ሲያጉረመርም ረጅም አደን አትጀምሩ፤ መብራት ከሄደ የመታችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። የማወርድበት ኢንተርኔት የለኝም የምትሉ ያገለገለ ዲስክ ፈልጉ። በፒኤስ 4 ከሰው ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት ወርኃዊ ክፍያ ይጠየቃል፤ ብቻውን ለሚያድን ግን ከሚረዳው ድመት ሌላ ማንም አያስፈልገውም።