ለቃሊቲው ቆዳ ነጋዴ ምስጋና፣ ጫማ ለምትሠሩ ደግሞ ጥቆማ

ከቃሊቲ መናኸሪያ ብዙም ሳይርቅ ያለቀለት ቆዳ የሚሸጡ አንድ አባት አሉ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እንደኔ በትንሽ ቤት ጫማ የምትሠሩ እንድታውቋቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

ጋሼ ቆዳ እንደተጠቀለለ አይሸጡም። ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉና ወደ በሩ ብርሃን ያዞሩታል። ለስላሳውን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፈው በአውራ ጣት ይጫኑታል። ደቃቅ ሽብሽብ አውጥቶ ሲለቁት ከጠፋ፣ ጥሩ ነው። ትልልቅ እጥፋት ከሠራ ግን ለጫማ አፍንጫ አይሆንም፤ ገና ሳይለበስ ይጨማደዳል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በውሃ ነክረው ያሹታል። ቀለም ከለቀቀ የደንበኛችሁን ካልሲ ያበላሻል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ሂሳቡን ስለሚያስረዱ ነው። ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው፤ አንዱ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፋብሪካው ከጀርባው የጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ትከፍላላችሁ። የገፋፊው ቢላ የበሳው፣ እሾህ የጫረው፣ ልል የሆነው የሆዱ ጠርዝ ሁሉ አብሮ ተለክቷል። በበግና በፍየል ላይ ደግሞ እከክ የተወው ነጠብጣብ አለ። ስለዚህ በስኩዌር ፊት ርካሽ የመሰለው፣ ተቆርጦ ሲያልቅ በጣም ሊወደድ ይችላል። ጋሼ የካርቶን ልካችሁን ይዛችሁ ኑ ይላሉ። ቆዳው ላይ አስቀምጠው ስንት ጥንድ እንደሚወጣው አብረዋችሁ ይቆጥራሉ። አፍንጫው ከጀርባው በኩል ይቆረጥ፣ ምላሱ ከሆዱ በኩል ይበቃዋል ይላሉ። ይህን ሁሉ ለአንድ ቆዳ ገዢም ያደርጉታል!

አንድ ቀን ለሴት ስስ ጫማ የበሬ ቆዳ ልገዛ ሄጄ ነበር። «ተይው ልጄ፣ ለዚህ የፍየል ይሻልሻል» አሉኝ። እሳቸው ጋ የፍየል አልነበረም። ሌላ ነጋዴ ጋ ላኩኝ። ጫማው እግር ላይ እንዴት እንደተኛ ብታዩት!

ዋጋቸው ከመርካቶ ብዙም አይረክስም፣ ይህን እወቁ። እቤት ድረስም አያደርሱም። ሂሳብና ልክ ላይ ግን እምነት የሚጣልባቸው ናቸው። ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ ሲመሽ ቆዳ አያስመርጡም፤ በአምፖል ጉድለቱ አይታይም ባይ ናቸው። ትክክለኛ ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።