የኪስ ባትሪ ለሥራ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የትኛው ይሻላል?

ቤቴ ደሴ ነው፤ እንጀራዬ ኮምቦልቻ። ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ። ፈረቃዬ በየሳምንቱ ይቀያየራል። እንዲህ የሚኖር ሰው ሁለት ዓይነት ጨለማ ያውቃል። አንዱ የፓነል፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ጨለማ ነው። ከፊታችሁ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ግን የራሳችሁ ጭንቅላት ያጠላበታል። ሌላው ማታ ወደ ደሴ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ የሚጠብቀኝ ጉም ነው። ለሁለቱም የሚሆን አንድ የኪስ ባትሪ ስፈልግ ብዙ ብር አውጥቻለሁ፤ ብዙ ጊዜም ተሸውጃለሁ።

ሰሞኑን አዲስ የተቀጠረ ልጅ "ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?" አለኝ። መልሴ ረዘመ። ሻይ ቤት ተጀምሮ ሰርቪስ ውስጥ ነው ያለቀው። እዚህ የማሰፍረው ያንኑ ነው። ዋጋ አልጠራም፤ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ነገ ይስቅብኛል።

የማወዳድራቸው አራት ናቸው። አራቱንም ኪሴ ይዤ ሠርቼባቸዋለሁ። አንደኛው የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ፣ ማለትም አንድ ደብል ኤ ብቻ የሚበላው ትንሹ ነው። ሁለተኛው ገበያውን ያጥለቀለቀው ዙም ነው። ፊቱን ስትስቡት ብርሃኑ ይጠባል፤ ስትመልሱት ይሰፋል። ሦስተኛው ድንጋዩ የማይወጣው፣ በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረገው። አራተኛው 18650 የሚባለውን ወፍራም የሊቲየም ድንጋይ የሚይዘው፣ ድንጋዩም ወጥቶ የሚቀየረው።

"ስልኬስ?" ለሚል፦ የስልክ መብራት የወደቀ ቁልፍ ለመፈለግ ይበቃል። ካቻቪቴ በአንድ እጅ፣ ስልክ በሌላ እጅ ይዞ የሚሠራ ሰው ስልኩን ሞተር ሥር ሲጥል ግን አይቻለሁ። መብራት በጠፋ ማታም የስልኩን ቻርጅ ለብርሃን የጨረሰ ሰው መደወል ሲፈልግ ይቆጨዋል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ሱቅ ገብቼ ዙሙን አነሳሁ። ካርቶኑ 10,000 ሉመን ይላል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ሻጩን ልጅ ቀና ብዬ አየሁት። "አብሽር ጋሼ፣ ወላሂ ኦርጅናል ነው" አለኝ። ልጁን አልፈርድበትም፤ የሚዋሸው ካርቶኑ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ደህና የሚባል ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል። እንግዲህ 10,000 ሉመን ማለት 100 ዋት መሆኑ ነው። 100 ዋት በዚያች ትንሽ ቱቦ ውስጥ ቢኖር እንጀራ ባይጋገርበትም መዳፍ ይጠብስ ነበር። ቤት ወስጄ ከአንድ እውነተኛ የ300 ሉመን ባትሪ ጋር ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ አበራሁት። የ300ው በለጠ።

ለመሆኑ ስንት ይበቃል? ፓነል ውስጥ ከ30 እስከ 50 ሉመን ደህና ነው። ከዚያ ካለፈ ከነጩ ቀለም ላይ እየተመለሰ ዓይን ይወጋል። ሰፈር ውስጥ ለመሄድ 100 ይበቃል። የፋብሪካ ግቢ አጥር ለማየት 300 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ደግሞ ዓይናችን እንደ ሒሳብ አይደምርም። አንድ ብርሃን እጥፍ ደምቆ እንዲታየን አራት እጥፍ ሉመን ያስፈልጋል። ስለዚህ የ250ውን ትታችሁ የ300ውን ለመግዛት ብር አትጨምሩ።

"10 ሰዓት ይሠራል" የሚለውም የራሱ ተንኮል አለው። ደህና አምራቾች በሚከተሉት የአሜሪካ መለኪያ እንኳ ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ መጀመሪያ ከነበረው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ጭላንጭልም እንደ ብርሃን ተቆጥራለች ማለት ነው። መለኪያ ያልተከተለው ካርቶን ምን እንደሚቆጥር እሱና ማተሚያ ቤቱ ያውቃሉ።

ዋናው ድንጋዩ ነው

እኔ የኪስ ባትሪ ስገዛ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቢያልቅብኝ ምን አበላዋለሁ?

ደብል ኤ የሚበላው እዚህ ላይ ሌሎቹን ሦስቱንም ይረታል። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ፣ ለውዝና ክብሪት የሚሸጥ ሱቅ የሰዓት ድንጋይ አያጣም። ቢጠፋ እንኳ ከቤታችሁ ግድግዳ ሰዓት ነቅሎ ማስገባት ይቻላል፤ አድርጌዋለሁ፣ ባለቤቴ ግን አልወደደችውም። ነገር ግን ድንጋይ ሁሉ እኩል አይደለም። ርካሹ የካርቦን ድንጋይ ለሰዓት ነው የተሠራው፤ ባትሪ ውስጥ ቶሎ ይዝላል። አልካላይን የሚል የተጻፈበት ብዙ ጊዜ እጥፍ ከዚያም በላይ ይቆያል። ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ደብል ኤም አለ። 1.2 ቮልት ቢሆንም አብዛኛው ባትሪ ይቀበለዋል። በየቀኑ ለሚሠራበት ሰው የሚያዋጣው እሱ ነው።

የአልካላይን ችግሩ ማልቀሱ ነው። አንድ ጊዜ ለአረፋ እረፍት ስወጣ ባትሪዬን መሳቢያ ውስጥ ከነድንጋዩ ረሳሁት። ከወራት በኋላ ስከፍተው ሞላው ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። በጥጥ አቼቶ ነክሬ ጠረግኩት፣ በደረቅ ጨርቅ አበስኩት፣ ተነሳ። ሁሉም ግን አይነሳም። የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጡት።

ዙሙ ሁለት ዓይነት ሆድ አለው። አንደኛው ሦስት ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ ይበላል። ሦስቱን በአንድ ላይ ነው መቀየር ያለባችሁ። ሁለት አዲስ ከአንድ አሮጌ ጋር ከቀላቀላችሁ አሮጌው ያለቅሳል። ሌላው ደግሞ 18650 አብሮት ይመጣል። ድራማው ያለው እዚህ ላይ ነው።

18650 ማለት 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ክብ ድንጋይ ማለት ነው። 3.7 ቮልት ነው፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። በዚህ መጠን የሚሠራ ምርጥ ድንጋይ የሚይዘው ከ3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከዙሙ ጋር የመጣው ላይ ግን 9,900 ተጽፎበታል። ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪ ነው። ባለ 9,900ውንና ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሌላ 18650 ይዤለት ሄድኩ። የቀለበት ሚዛኑ ላይ አስቀመጣቸው። የላፕቶፑ 46 ግራም መታ። ባለ 9,900ው 27። "ይሄኛውስ ወርቅ ቅብ ነው" አለኝ እየሳቀ። እውነተኛ 18650 ከ45 ግራም አካባቢ አይወርድም። ሚዛን ባይኖራችሁም እጃችሁ ይለየዋል። ለመጠኑ የቀለላችሁን መልሱት።

እውነተኛውን ካገኛችሁ ግን በጉልበት የሚያህለው የለም። 3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ወደ 11 ዋት ሰዓት ይይዛል። 300 ሉመን 3 ዋት ይፈልጋል ካልን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንዱን እየሠራችሁበት ሌላው ቻርጅ ላይ ይሆናል። ድንጋዩን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አትክተቱት፤ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ ሱሪ ያቃጥላል።

ታይፕ ሲው የሰነፍ ሰው ባትሪ ነው፤ ስድብ አይደለም፣ እኔም ሰነፍ ነኝ። የስልክ ቻርጀር ይበቃዋል፤ ከፓወር ባንክም፣ ከመኪናም ይሞላል። ብዙዎቹ ጅራታቸው ላይ ማግኔት አላቸው። የፓነል በር ላይ ለጥፋችሁ ሁለት እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ይሄ ለጥገና ሰው ትልቅ ነገር ነው። የብረት ብናኝ ግን ይሰበስባልና ከመለጠፋችሁ በፊት ጥረጉት። ሁለት ጉድለት አለው። መብራት ጠፍቶ ሲያልቅ እሱም አብሮ ያልቃል፤ ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙለት ምግብ የለም። ሁለተኛ፣ ውስጡ ያለው ሊቲየም ጥቂት መቶ ጊዜ ከሞላ በኋላ ይደክማል። ያን ጊዜ ባትሪው በሙሉ ይጣላል፤ በማስቲሽ የተዘጋ ነውና።

ፓነል ፊት ስትቆሙ

አንድ ሌሊት ማሽን ቆመ ተብዬ ተጠራሁ። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ በቴስተር አረጋግጬ፣ ዙሙን በጥርሴ ነክሼ ገመድ መቁጠር ጀመርኩ። ምራቄን ስውጥ ማብሪያው ተጫነና ባትሪው ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። እጄ ሁለት ገመድ ይዟል፤ ብርሃኑ እንደ ሠርግ ቤት ይጨፍራል። የዙም ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው። ደማቅ፣ ደብዛዛ፣ ብልጭ ድርግም እያለ በአንድ ማብሪያ ይዞራል። ደህናው ባትሪ ብልጭ ድርግሙን ይደብቀዋል፤ ወይ ሁለቴ ስትነኩት ብቻ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ አሥር ጊዜ አብሩት፣ አጥፉት። ከደብዛዛው የሚጀምር ወይም መጨረሻ የተጠቀማችሁበትን የሚያስታውስ ከሆነ ደህና ነው።

በነገራችን ላይ ባትሪ መንከስ ደግ ልማድ አይደለም። የአሉሚኒየም ቱቦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ፌዝ ያለበት መዳብ ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ኤሌክትሪሽያን ለኤሌክትሪሽያን አይነግርም።

ሌላው ቀለም ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ሰማያዊ ያጠቃዋል። በሱ ብርሃን ቡናማ ገመድና ቀይ ገመድ ወንድማማች ይሆናሉ፤ ሰማያዊና ጥቁርም እንደዚያው። ቀለም የማሳየት ብቃቱ ከ100 90 እና ከዚያ በላይ የተባለ አምፖል ይሄን ያስተካክላል፤ ተራው 70 አካባቢ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚለካው በመዳፍ ነው። መዳፋችሁ ላይ አብሩ። ቀላ ብሎ የሰው እጅ ከመሰለ ጥሩ ነው። አመድማ ከሆነ ለገመድ ሥራ አይሆናችሁም። ይሄ ለመኪና ሜካኒክም፣ የቁስል ቀለም ለምታይ ነርስም ይሠራል።

ሐረጎ ላይ

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ደሴ ከ2,400 ይበልጣል። በመሐል ያለው ዳገት ሐረጎ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ እጅ አይታይም። ባለፈው ነሐሴ የተሳፈርንበት ሚኒባስ እዚያ ቆመ። ረዳቱ ታኮ ሊያስገባ ዘለለ። እኔም የረዳሁት መስሎኝ 18650ዬን በሙሉ ኃይሉ አበራሁለት። ፊታችን ነጭ ግድግዳ ቆመ። "ጋሼ፣ ያጥፉት በአላህ! ጭራሽ አሳወሩኝ" አለ። የጉም ጠብታ ብርሃኑን ወደ ዓይን ነው የሚመልሰው፤ ብርሃን በጨመረ ቁጥር ግድግዳው ይወፍራል። ቀንሼ፣ እጄን ወደ ወገቤ አውርጄ፣ ወደ መሬት አበራሁ። ጎማው ታየ፤ ታኮውም ገባ።

ለጉም አገር ሰው እንግዲህ ከፍተኛው ሳይሆን ዝቅተኛው ብርሃን ነው የሚመረመረው። ደብዛዛው ላይም 150 ሉመን የሚያወጣ ባትሪ ጉም ውስጥ አያዋጣም። እዚህ ላይ ዙሙን ልመርቀው፦ ብርሃኑን አጥብባችሁ ከወገብ በታች ከያዛችሁት ከሰፊው ብርሃን ይልቅ ጉሙን ይሰነጥቃል። ግንባር ላይ የሚታሰረው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከዓይን አጠገብ ስለሚበራ።

ዝናብን በተመለከተ፣ አይፒኤክስ የሚባለው የውሃ መከላከያ ደረጃ ነው፤ አይፒኤክስ 4 ማለት ከየትም ቢረጭ አይገባውም፤ አይፒኤክስ 7 ማለት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ለሐምሌ ዝናብ 4 ይበቃል። የታይፕ ሲዋን የጎማ ክዳን ግን ተከታተሏት፤ መጀመሪያ የምትቀደደው እሷ ናት። ዙሙ ፊቱ ስለሚንሸራተት ውሃ መግባቱ አይቀርም።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ጥበቃ ሆናችሁ ሰፊ ግቢ የምትዞሩ፣ 18650 ከሁለት እውነተኛ ድንጋይና ከደህና ቻርጀር ጋር ግዙ። ጋራዥ የምትሠሩ፣ ማግኔት ያለው ታይፕ ሲ፤ ሶኬት አጠገባችሁ ነው። ዙሙ ለቤት ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ልጆች ይጣሉበት። አንድ ብቻ ነው የምገዛው ለሚል ሰው ግን መልሴ ደብል ኤ ነው፤ 100 ሉመን አካባቢ፣ ደብዛዛ ደረጃ ያለው፣ ኪስ ላይ የሚሰካ። እኔም ደረት ኪሴ ውስጥ እሱ ነው ያለው፤ 18650ው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል።

አዲሱ ልጅም ደብል ኤውን ገዛ። 18650ውን እህቱ ከጅዳ ስትመጣ ታመጣልኛለች ብሏል። ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ ሻንጣ ውስጥ ተጭኖ እንደማይሄድ፣ በእጅ ቦርሳ መያዝ እንዳለበት ነገርኩት። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ በድምፅ መልእክት ላከላት፦ "እቴ፣ ድንጋዮቹን እጅሽ ላይ ያዢያቸው፤ ደግሞ መጀመሪያ መዝኚያቸው።"