ለገጣፎ ያለው የባሕር ሥዕል ኤግዚቢሽን፦ ሂዱ፣ ግን በጠዋት

ለገጣፎ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጋለሪ የባሕር ሥዕሎች እየታዩ ነው። ሁሉም በውሃ ቀለም የተሠሩ ናቸው። በጣም ወድጃቸዋለሁ።

የውሃ ቀለም ምሕረት የለውም። የዘይት ቀለም ቢበላሽ ከላዩ ይደረባል፤ እዚህ ግን ነጩ የሚገኘው ወረቀቱን ሳይቀቡ በመተው ነው፣ ስለዚህ ሠዓሊው የማዕበሉ አረፋ የቱ ጋ እንደሚያርፍ ብሩሹን ሳያነሳ በፊት ማወቅ አለበት። በሩ አጠገብ የተሰቀለውን የምጽዋ ወደብ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ውሃው ላይ የሚያብረቀርቀው ብርሃን ባዶ ወረቀት ነው፣ ቀለም አልነካውም! ሌላው ላይ ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ ጨው ተበትኖበታል። ጨው እርጥበቱን ስለሚስብ ነጣ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ከሩቅ ሲያዩት ቁጭ የባሕር ዳር አሸዋ።

ከ1985 ወዲህ ለተወለድን ሰዎች ቀይ ባሕር የትልልቆቻችን ወሬ ነው። አንድ አባት የአሰብን ሥዕል ለልጅ ልጃቸው እያሳዩ «እዚች ጋ ነበር መርከቡ የሚቆመው» ሲሉ ሰማሁ፤ እኔም ቆሜ አዳመጥኳቸው።

የከፋኝ አንድ ነገር አለ። ትልቁን ሥዕል ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ፊት ሰቅለውታል። የውሃ ቀለም በፀሐይ ይደበዝዛል፣ እባካችሁ አንሱት! ከሰዓት በኋላ መስታወቱም እያንጸባረቀ አያሳይም፤ ለዚህ ነው በጠዋት ሂዱ የምለው።

መግቢያው ነፃ ነው። ከአስፋልቱ ወርዶ ትንሽ ኮረኮንች አለ፣ ምቹ ጫማ አድርጉ።