ካርቦን ፋይበር ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ሙጫው ጠይቁ

የሕንፃ ኮንክሪት ለማጠናከር የሚገዛው ካርቦን ፋይበር ከብረት ይጠነክራል ብሎ ሻጩ ሲነግራችሁ ልክ ነው። ክሩ አይዝግም፤ ቀላልም ነው። እሳት ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚሸነፈው ክሩ ሳይሆን ከኮንክሪቱ ጋር ያጣበቀው ሙጫ ነው። ሳይት ላይ የሚደርቀው የተለመደ ኢፖክሲ (ሙጫው ማለት ነው) ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይላላል። በመደበኛ የእሳት ሙከራ ደግሞ ምድጃው በ30 ደቂቃ 840 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል።

በቢም (በአግዳሚው ተሸካሚ) ሆድ ላይ የሚለጠፈው ፋይበር ሥራው ፈጣን ነው፤ ለእሳት ግን በጣም የተጋለጠ ነው። መከላከያ ከሌለው በደቂቃዎች ውስጥ ይላቀቃል። ኮለን (ምሰሶ) ላይ ዙሪያውን ሲጠመጠም ትንሽ ይሻላል፤ ምክንያቱም ዋናው ሥራው ኮንክሪቱን አቅፎ መያዝ ነው።

ሌላው መንገድ ኮንክሪቱ ላይ ቦይ ቆርጦ የፋይበር ዘንግ መቅበር ነው። ኮንክሪቱ በሦስት በኩል ስለሚከበው ሙቀቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ቦዩን በኢፖክሲ ፋንታ በሲሚንቶ ግራውት (በቀጭን የሲሚንቶ ድብልቅ) ከሞላችሁት ደግሞ የተሻለ ነው። የፌሮው ሽፋን (ብረቱን የሚሸፍነው ኮንክሪት) ቀጭን ከሆነ ግን ይህን እርሱት፤ ስትቆርጡ ፌሮውን ታገኙታላችሁ።

ለሆስፒታልና ለመኖሪያ ሕንፃ የእኔ ምርጫ በሲሚንቶ ልስን ውስጥ የሚገባው የፋይበር መረብ ነው። የሚቃጠል ሙጫ የለውም። መረቡ በፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተቀባ መሆን አለመሆኑን ግን አጣሩ። ወፈር ይላል፤ ለተመሳሳይ ጥንካሬም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ንብርብር ይፈልጋል።

መከላከያ ስትገዙ በእሳት የሚያብጠው ቀለም ብቻውን አያታልላችሁ። ማበጥ የሚጀምረው ከ200 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሙጫው ያን ጊዜ አልቆለታል። ወፍራም የቨርሚኩላይት (ሙቀት የሚከላከል ቀላል ማዕድን) እና ጂፕሰም ልስን ወይም የካልሲየም ሲሊኬት ቦርድ ይሻላል። በእንዲህ ያለ ልስን የተሸፈኑ ኮለኖች በሙከራ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆመዋል። ልብ በሉ፣ የቆመው ኮለኑ ነው። ሙጫው ከዚያ በፊት ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ልስኑ ያዳነው የውስጡን ኮንክሪትና ፌሮ ነው።

የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት 440.2አር መመሪያም ነባሩ አካል ፋይበሩ ቢጠፋ እንኳ የቋሚውን ጭነት (የሕንፃውን የራሱን ክብደት) 1.1 እጥፍ ከተንቀሳቃሹ (ከሰውና ከዕቃው) 0.75 እጥፍ ጋር እንዲሸከም ይጠይቃል። ይህን ስሌት መሐንዲሳችሁ ሳያሳያችሁ ቀብድ አትክፈሉ። ሻጩንም የእሳት ሙከራው ጭነት ተጭኖበት፣ ከነመከላከያው የተሠራ መሆኑን ጠይቁት።