ለብራና ቀረጻ ስካነር ወይስ ካሜራ? ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ገዢዎች

የደብር ብራናም ሆነ የመስጊድ ኪታብ ለመቅረጽ ዕቃ የሚገዛ ሰው ፒያሳ ወጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሜጋፒክስል ነው። መቅደም ያለበት ግን መጽሐፉ ሳይጎዳ ምን ያህል ይከፈታል የሚለው ነው።

ጠፍጣፋው የቢሮ ስካነር ብርሃኑ እኩል ነው፣ ሥራውም ቀላል ነው። ለደብዳቤ፣ ለድሮ ፎቶ፣ ላልተጠረዘ ኪታብ እመክረዋለሁ። ለተጠረዘ ብራና ግን በፍጹም አትግዙት። መጽሐፉ ተደፍቶ ጀርባው መጫን አለበት፤ ስፌቱ ይላላል፣ የእንጨት ገበታውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ብራና ደግሞ ቆዳ ነውና ይኮማተራል። ሲአይኤስ የሚባል የምስል መቀበያ ያላቸው ርካሽ ስካነሮች ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለውን አያጠሩም፤ መስታወቱን የነካው መስመር ቁልጭ ሲል ከፍ ያለው ይደበዝዛል። የግድ ስካነር ከሆነ ሲሲዲ የሚባለው፣ ከፍ ያለውንም የተሻለ የሚያጠራ መቀበያ ያለውን ጠይቁ።

ካሜራ ከላይ ስለሚያነሳ መጽሐፉን አይጫንም። ገበታዎቹን በትራስ ደግፋችሁ እስከሚፈቅደው ብቻ ክፈቱት። 24 ሜጋፒክስል ይበቃል፦ 6000 በ4000 ነጥብ፣ 50 በ33 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ገጽን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይይዛል። 45 ሜጋፒክስል ለመግዛት የምትጨምሩትን ብር ለጠንካራ መቆሚያ፣ ለቀለም ማመሳከሪያ ካርድና ለሁለት መብራት አውሉት። መብራቶቹ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቁሙ፤ ሲአርአይ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ) 95 እና ከዚያ በላይ፣ በባትሪም የሚሠሩ ይሁኑ። ሲአርአዩ ዝቅተኛ በሆነ ኤልኢዲ ሥር የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም ወደ ቡናማ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም (በጥቃቅን ፊልም የመቅዳት) ሥራ የሐይቅ እስጢፋኖሱን የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ጭምር ያነሳው በጥቁርና ነጭ ነበር፤ ያን ጉድለት ዛሬ መድገም ያሳዝናል።

ስልክ ለማስታወሻ ብቻ ይሁን። የፊደሉን ጠርዝ በራሱ ያጎላዋል፣ ቀለሙን ያደምቃል፤ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ ደግሞ ይጨመቃል።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ጋዜጣ ዘርጉ፣ ማስመሪያ ጎኑ አስቀምጡና አንሱ። በኮምፒውተር 100 ፐርሰንት አጉልታችሁ አራቱንም ማዕዘን ተመልከቱ። መሃሉ ጠርቶ ጥጉ ከደበዘዘ ሌላ ሌንስ አስመጡ።

በጀቱ ውስጥ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይግባ። አንድ የ24 ሜጋፒክስል ቲፍ (ሳይጨመቅ የተቀመጠ የምስል ፋይል) በ8 ቢት 72 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 300 ምስል ያለው መጽሐፍ 22 ጊጋባይት ገደማ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ የደረሰባትን ያየ ሰው ሁለቱንም ዲስክ አንድ ከተማ አያስቀምጥም፦ አንዱ ኮምቦልቻ ይቀመጥ፣ ቢቻል ሦስተኛ ቅጂ ከወሎ ውጭ ይኑር።